ጅቡን አያ፥ ጎረቤትን ጅብ

ልጆች ጭራቅን ወዳጅ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ማየት የለባቸውም የሚል ክርክር በከተማችን በጎንደር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ክርክሩን የሚያነሡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጆቻቸውን የሚወዱ አባቶችና እናቶች፥ ጥቂቶቹም መምህራን ናቸው። ነገራቸውም በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛ፥ ፊልሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሁለተኛ፥ ክፉውን ደግ፥ አስፈሪውን አጫዋች አድርጎ ስለሚያሳይ ልጁ ክፉንና ደጉን መለየት ያቅተዋል። ሦስተኛ፥ ፍርሃት የጠፋበት ልጅ ለእናት ለአባቱ አይታዘዝም። እኔ ግን ይህ ክርክር ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑን ለማሳየት እወዳለሁ። የምጽፈውም ለተከራካሪዎቹ ሳይሆን ለእናንተ ለወጣቶች ነው፤ ነገ ልጅ የምታሳድጉት፥ በምድጃ ዳርም ተረት የምትነግሩት እናንተ ናችሁና።

አስቀድሜ ፊልሙን ላላየ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ስሙ «ሞንስተርስ ኢንክ» ይባላል፤ የጭራቆች ኩባንያ እንደ ማለት ነው። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኮምፒዩተር ሥዕል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ አሳየው። በታሪኩ ውስጥ ጭራቆች በገዛ ከተማቸው ይኖራሉ፤ የከተማው መብራት የሚበራውም ከሰው ልጆች ጩኸት በሚገኝ ኃይል ነው። ስለዚህ የኩባንያው ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት በቁም ሣጥን በር እየገቡ ሕፃናትን ያስፈራራሉ፤ ሕፃኑ ሲጮህ ጩኸቱ በብረት ጋን ይጠራቀማል። የኩባንያውም መፈክር ማስፈራራታችን ከማሰባችን የመጣ ነው እንደ ማለት ያለ ነው።

የሚያስቀው ነገር ግን እነዚሁ አስፈሪዎች ራሳቸው ሕፃናትን እጅግ የሚፈሩ መሆናቸው ነው። የሰው ልጅ መርዝ ነው፥ የነካውም ይሞታል ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ እነርሱም አምነዋል። አንዲት የሕፃን ካልሲ በአንዱ ሠራተኛ ጀርባ ላይ ተጣብቃ ብትገኝ ሁሉም ይሸበራል፤ የሰውዬው ጠጕር እስኪላጭ ድረስ ያጥቡታል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አንዲት ትንሽ ልጅ በበሩ ሾልካ ከከተማቸው ገባች። ሰሊ የሚባለው ባለ ሰማያዊ ጠጕር ግዙፍ ጭራቅና ማይክ የሚባለው ባለ አንድ ዐይን ጓደኛው በፍርሃት ተንቀጠቀጡ። እርስዋ ግን ልትጫወት ነበር የመጣችው። ነካቻቸው፤ አልሞቱም። ሳቀች፤ መብራቱም ከወትሮው አብልጦ በራ። በመጨረሻም የሕፃን ሳቅ ከሕፃን ጩኸት ዐሥር እጥፍ ኃይል እንዳለው ታወቀ፤ ኩባንያውም ማስፈራራቱን ትቶ በማሳቅ ሥራ ገባ።

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፥ በፍርሃት የሚገኘው ነገር በደስታ ከሚገኘው ያነሰ ነው። ሁለተኛው፥ ቀርበን ሳናየው በወሬ ብቻ የፈራነው ፍጡር በአብዛኛው እርሱም እኛን በወሬ ይፈራል። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ለአሜሪካ ልጆች ከሚያስፈልጓቸው ይልቅ ለእኛ አገር ልጆች ያስፈልጋሉ እላለሁ፤ ምክንያቱንም አንድ በአንድ እናገራለሁ።

«ፊልሙ የባዕድ ነው» ለሚሉት መልሱ ቅርብ ነው። አስፈሪውን ወዳጅ ማድረግ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አይደለም። አያቶቻችን በደጋው በዳባትና በደባርቅ፥ በሜዳውም በደንቢያ፥ ማታ ማታ የሚነግሩት ተረት ስለ ማን ነበር? ስለ አያ ጅቦ አልነበረምን? አያ ጅቦ በተረቱ ውስጥ ሆዳም ነው፥ ሞኝ ነው፥ እመት ጦጢት ታታልለዋለች፥ ቀበሮም ትሸነግለዋለች፤ ልጆቹም በሳቅ ይፈርሳሉ። አያ የሚለውንም ቃል ልብ በሉ። አያ የምንለው ታላቅ ወንድምን ነው፤ በዕድሜ የሚበልጠንን የአገር ሰው ነው። ሌሊት በረት ሰብሮ ጥጃ የሚወስደውን አውሬ አባቶቻችን በተረት አደባባይ በዘመድ ስም ጠሩት። አውሬውን ወደ ቤት ያስገቡት ልጅን ለማጀገን እንጂ ለማጀል አልነበረም።

ሐረርንም እንመልከት። በዚያች ከተማ ሰዎች ሌሊት ከግንቡ አጠገብ ተቀምጠው ጅብን በስሙ እየጠሩ ሥጋ ያጎርሱታል፤ በግንቡም ሥር ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡም የጣለውን አጥንትና ጥራጊ እየበላ ከተማውን ያጸዳል። ወደ ራሳችን ተራራ ስንመለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከለለውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እናገኛለን። በዚያ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈሩ እንደ አንበሳ ነው፤ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ያላወቀው ሰው ይደነግጣል። ሲቀርቡት ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። እግዚአብሔር በጥርሱ መጠን ክፋት አልሰጠውም።

በእኛም ዘመን ልጆችን ሳያስፈራሩ ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ፥ አሉም። አባባ ተስፋዬ ተብለው የታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ዘመን አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ በተረት ልጆችን አሳድገው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ፕሮግራም አንዲት ቀጭኔን አስተማሪና ጓደኛ አድርጎ ለልጆች አቀረበ። ስለዚህ የባዕድ ነው የሚለው ክስ ወደቀ።

«ልጅ ካልፈራ አይታረምም» የሚለው ከሁሉ የጠነከረው ክርክር ነው፤ ስለዚህ በርጋታ እንመርምረው። ሕፃኑ ሲያለቅስ «ዝም በል፥ ጅብ መጣልህ» እንለዋለን። አልበላም ሲል «ጭራቅ ይወስድሃል» እንለዋለን። ሕፃኑም ዝም ይላል፥ ይበላልም። እናቱ ተሳካልኝ ትላለች። ነገር ግን ምን ተማረ? ማልቀሱ የመጣው ከረኃብ ይሁን ከሕመም፥ ወይም ከእንቅልፍ፥ ማንም አልጠየቀውም። የተማረው ሕመምን መናገር አውሬ እንደሚያመጣ ነው። ካደገም በኋላ አንድ ሌሊት በሩን ከፍቶ ቢያይ ጅብ የለም፤ ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት ያጣል፤ ፍርሃቱንና በእናቱ ቃል ላይ የነበረውን እምነት። በፍርሃት የታነጸ ታዛዥነት ፍርሃቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። የሚወዱትን ላለማሳዘን ብሎ መታዘዝ ግን አባትና እናት ከሞቱም በኋላ ይኖራል።

ይህን ስል ልጅ ምንም አይፍራ ማለቴ አይደለም። በእውነት ያለ አደጋ አለ። በወገራና በጃናሞራ በግ የሚጠብቅ ልጅ ጅብ በምን ሰዓት ከጎሬው እንደሚወጣ፥ ብቻውን በጨለማ መሄድ እንደሌለበት፥ መንጋውንም ሳይመሽ ማስገባት እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄም ከእውቀት ይወለዳል። ማስፈራራት ግን ከአለማወቅ ይወለዳል፤ አለማወቅንም መልሶ ይወልዳል። እውነተኛውን ጅብ የሚያውቅ እረኛ፥ በቃል ብቻ በተሠራ ጅብ ሲንቀጠቀጥ ካደገ የከተማ ልጅ ይልቅ ደፋርም ነው፥ ጥንቁቅም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ። በምድጃ ዳር የተዘራው ፍርሃት በምድጃ ዳር አይቀርም። ልጁ ሲያድግ ጅቡ ከበር ውጭ እንደሌለ ያውቃል፤ ፍርሃቱ ግን ማረፊያ ይፈልጋል። ማረፊያም አገኘ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ብዙ ሳይርቅ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። በዚያና በደንቢያ፥ በወገራ፥ በሰሜንም ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ሌላው ሰው ፈላሻ ወይም ካይላ ይላቸው ነበር። እነዚህን ሰዎች ቡዳ ናቸው አልናቸው። ቀን ሰው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን፤ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ፥ መቃብር ያወጣሉ አልን። ተረቱን ተመልከቱ፤ ጅቡን አያ አልነው፥ ጎረቤታችንን ግን ጅብ አልነው!

እነዚህ ጅብ የተባሉ ሰዎች ሥራቸው ምን ነበር? ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፥ ሸማ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ገበሬው ያረሰበት ማረሻ፥ ያጨደበት ማጭድ፥ እንጨት የፈለጠበት ምሳር ከእጃቸው ወጣ። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ፥ ውሃው የተቀዳበት እንስራ፥ ቡናው የፈላበት ጀበና ከእጃቸው ወጣ። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ምዕት ዓመት በመሠረቷት በጎንደር ከተማ በተሠሩት ግንቦችም ላይ ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸው ደክመውባቸዋል። በቤታችን ውስጥ የእጃቸው ሥራ የሌለበት ማዕዘን አልነበረም። በምጣዳቸው የተጋገረውን ስንበላ ማንም አልታመመም፤ ዐይናቸው ግን ያሳምማል አልን።

ወደዚህ ሥራ ያመጣቸው ምንድር ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ጥንቆላ አይደለም፤ መሬት ማጣት ነው። በ15ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስት መነቀል እንደ ጀመሩ ይተረካል፤ በ17ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ በሰሜን ተራራዎች የነበራቸው ነፃነት በጦር ፈረሰ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል። እሳትና ብረት፥ አፈርና ውሃ የያዘውን ሰው ደግሞ መሬት የያዘው ሰው ናቀው፤ ናቀውና ፈራው፤ ፈራውና ስም አወጣለት። በፊልሙ ውስጥ የሕፃኗ ካልሲ ባመጣው ሽብር የሳቅን ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባናል። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ሕጋቸው እንደሚያዝ ሌላ ሰው ሲነካቸው በውሃ ይታጠቡ ነበር። እኛ ዐይናቸውን ፈራን፥ እነርሱም ከእጃችን ሸሹ። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፥ እንደ ጭራቁና እንደ ሕፃኗ፥ እርስ በርስ ተፈራርተው ስንት መቶ ዓመት ኖሩ! ነገር ግን ጉዳቱ እኩል አልነበረም፤ ስሙ የወጣበት ተጎዳ፥ ስም ያወጣው ግን መሬቱን ይዞ ተቀመጠ።

ነገሩን የሚያርሙ መሪዎች አልጠፉም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ግን ምድጃ ዳር አይደርስም። በአደባባይ የተከለከለውን ስድብ ማታ በጓዳ ለልጅ የምናወርሰው ከሆነ ንጉሥ ምን ያደርጋል?

በዚህ ላይ «እሳት በሌለበት ጢስ አይጨስም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም እመልስለታለሁ። በታመመው ሰው ላይ ጢስ የሚያጨሰው ማን ነው? ራሳችን አይደለንምን? ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል በቅጠል እናጥነዋለን፥ የበላህ ማን ነው እያልን እናፋጥጠዋለን። ልጁም ጢሱ ሲያፍነው አንድ ስም ይጠራል። የሚጠራውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲፈራ ሲታማ የሰማውን ሰው ስም ነው፤ ያልሰማውንማ ከየት ያመጣል? ይህን ለፈለፈ እንላለን፥ እንደ ምስክርነትም እንቆጥረዋለን። በየትኛው ፍርድ ቤት ነው በትኩሳት የሚቃዥ ሕፃን፥ ያውም በጢስ እየታፈነ፥ በሰው ላይ የሚመሰክረው?

የበላውስ በእርግጥ ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ እርሱ ነው። ለመከፈቱም አንዱ ምክንያት ያ ወረርሽኝ ነበር። ሐኪሞቹ የታማሚውን ደም በመነጽር መረመሩ፤ በውስጡ ያገኙትም የሸማኔውን ዐይን ወይም የሸክላ ሠሪዋን ምላስ አይደለም። ከገብስ ፍሬ ባነሰች ትንኝ የሚተላለፍ ተውሳክ ነው። እነሆ ጭራቁ! ትንኟ ረግረግ ውሃ ላይ ትራባለች፤ እርሱም በአጎበርና በመድኃኒት ይሸነፋል። ስንት ልጅ ነው የጎረቤት ስም እየተጠራበት፥ መድኃኒቱ ባለበት አገር፥ በትንኝ የሞተው?

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃም አላውቅም። ቤተ እስራኤል ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ሰዎች በእግራቸው ሱዳን ደርሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱትም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሄዱ። በእርግጥ የሄዱት ወደ ተስፋቸው አገር ነው፤ ነገር ግን ሲሄዱ ከኋላቸው የነበረው ስም ምን እንደ ነበር አንርሳ። በወለቃ ምኵራባቸው ያለ ጸሎተኛ ቀረ፤ በመንገድ ዳርም ለእንግዳ የሚሸጥ የሸክላ ምስል አለ። እንግዲህ በሽታው ከእነርሱ ዐይን የመጣ ቢሆን ኖሮ በሄዱ ማግሥት መጥፋት በተገባው ነበር። ጠፋን? ልጆች ዛሬም ሆዳቸውን ይታመማሉ፥ ወባም ይይዛቸዋል። ባለቤቶቹ ሄደው ስሙ ግን ቀረ፤ ዛሬም ቡዳ የሚባል ሌላ ሰው ይፈለጋል፥ ይገኛልም። ጭራቁ በጎረቤታችን ቤት ሳይሆን በራሳችን አፍ ይኖር እንደ ነበር ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለን?

ይህ የድሮ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን የፖለቲካ መድረክ «የቀን ጅብ» የሚል ቃል ተነሥቶ ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት ብዙዎቻችን ለጆሯችን እንግዳ አልሆነብንም። ለምን? በሕፃንነታችን ተለማምደነዋልና። ከዚያም በኋላ በመጣው ጦርነት ወንድም ወንድሙን በአውሬ ስም ሲጠራ ሰማን፤ ደባርቅና ዳባትም የጦርነቱን ወላፈን አዩ። ሰውን ለመግደል የሚነሣ አስቀድሞ ሰውነቱን ይነጥቀዋል፤ ስሙን ጅብ ይለዋል፥ ከዚያ ወዲያ ጅብ መግደል ነውር አይመስለውም። ስለዚህ በምድጃ ዳር የሚነገረው ቃል ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ክርክሬን ልደምድም። «ክፉውን ደግ አድርጎ ያሳያል» ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ ሐሰት ነው። በፊልሙ ውስጥ ክፉ አለ፤ እርሱም ቀንድ ያለው ወይም ጥርሱ የረዘመው ሁሉ አይደለም። ክፉው የኩባንያው አለቃ ነው፤ ጩኸት እንዳይጎድልበት ሕፃናትን ለመስረቅ የተማከረው እርሱ ነው። ፊልሙ ለልጁ የሚያስተምረው ሰውን በቀንዱ ሳይሆን በሥራው እንዲመዝን ነው። ይህ የክፉና የደግ መደበላለቅ ነውን? ክፉንና ደግን የሚያደበላልቀውስ ማረሻ የሚሠራልንን ሰው ጅብ የሚለው ተረት አይደለምን?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ታናሽ ወንድማችሁ ሲያለቅስ ጅብ አትጥሩበት፤ ምን እንደ ነካው ጠይቁት። ሲታመም ስም አትፈልጉለት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማታ ተረት ንገረኝ ሲላችሁ አያ ጅቦን እንደ ጥንቱ ሞኝ አድርጋችሁ አሳቁት፤ ፊልሙም ሲመጣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩለት። ታላላቆቻችሁ በቡና ላይ እከሌ ዐይኑ ክፉ ነው ሲሉ ብትሰሙ በአክብሮት፥ ነገር ግን ሳታፍሩ፥ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?» በሉ። መልሱ ሁልጊዜ ሰምቻለሁ ነው። ሰምቻለሁ የሚለው ከእናንተ ጋር ይቁም፤ ወደ ልጆቻችሁ አይለፍ።